ለአዳር ወይስ ለወር? ጎንደር ላይ በቤታችሁ እንግዳ በክፍያ ለማሳረፍ

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ጥር 9 ቀን ማታ ስልኬ አያርፍም። «እትዬ፣ ፍራሽ የምትዘረጋበት ቦታ እንኳ አይጠፋም?» ይላሉ። ከአዲስ አበባ የሚደውል አለ፣ ከባሕር ዳር የሚደውል አለ፣ ከውጭ ሀገር በዘመድ በኩል የሚያስጠይቅም አለ። ሆቴሉ ሞልቷል። በዚያ ሰሞን ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «ይችን ክፍል ለወር ከማከራያት ለምን ለአዳር አላደርጋትም?»

ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ጥር አንድ ወር ነው። ነሐሴም አለ። እኔ ማራኪ አካባቢ ካለው ቤቴ ሁለት ክፍል ለይቼ ሁለቱንም ዓይነት እንግዳ አይቻለሁ። ለአዳር የሚመጣ ሰው ጉልበታችሁን ይፈልጋል። ለወር የሚገባ ሰው ደግሞ ልማዳችሁን ይነካል። የትኛውን እንደምትችሉ ሳታውቁ በር አትክፈቱ። እንዴት እንደሚታወቅ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ከሰፈራችሁ ተነሡ

ማን እንደሚመጣላችሁ በአብዛኛው የሚወስነው ቤታችሁ ያለበት ቦታ ነው።

ፒያሳ፣ ጃን ተከል፣ ፋሲል ግቢ ዙሪያ ከሆናችሁ የአዳር እንግዳ በእግሩ ይመጣላችኋል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ጎብኚው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከዚያ በእግር ይደረሳል። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄደውም ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ እዚህ ያድራል። ይህ እንግዳ የሚበዛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ መጋቢት ነው። ክረምት ሲገባ ይጠፋል።

ዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች አጠገብ፣ ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ አካባቢ ከሆናችሁ የሚፈለገው የወር ክፍል ነው። ተማሪ ይመጣል፣ መምህር ይመጣል፣ ከሌላ ከተማ የተዛወረ የባንክ ሠራተኛ ይመጣል። እነዚህ የሚጠይቁት ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ ጸጥታ ነው። ቁርስ አይጠይቁም።

ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ቤት ግን ሦስተኛ ዓይነት እንግዳ አለው። አስታማሚ ነው። ከመተማ፣ ከዳባት፣ ከአርማጭሆ፣ ከደንቢያ በሽተኛ ይዞ ይመጣል። በሽተኛው አልጋ ያገኛል፣ አስታማሚው ማደሪያ ያጣል። ሦስት ቀን ብሎ ገብቶ ሦስት ሳምንት ይቆያል። የአዳር ዋጋ ብታስከፍሉት ያልቅበታል። የወር ውል ብትጠይቁት አይሆንም።

አንድ አባት እህቴ ቤት አርፈው ነበር። ባለቤታቸው ተኝተዋል። ቆሏቸውን በፌስታል ይዘው ሌሊት 11 ሰዓት ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። የሳምንቱን ሒሳብ አስቀድመው ከፍለዋል። ግን ማታ ማታ «ነገ ብንወጣ የቀረው ይመለስልኛል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለመጠየቅ ያፍራሉ፣ ሳይጠይቁ ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከዚያ በኋላ እህቴ ዋጋውን በሳምንት ልክ ዝቅ አድርጋ ክፍያውን ግን በየሦስት ቀኑ መቀበል ጀመረች። ለአስታማሚ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም። የቤታችሁን በር የሚያንኳኳው አስታማሚ ከሆነ እባካችሁ እንዲህ አድርጉለት።

2. ውሃውን፣ በሩንና ሽንት ቤቱን መዝኑ

ብዙ ሰው ክፍሉን ቀለም በመቀባት ይጀምራል። ቀለሙ ይቆይ። መጀመሪያ ሮቷችሁን ተመልከቱ።

1,000 ሊትር የምትይዝ ሮቶ ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናት። ስድስት እንግዳ በቀን ሁለት ሁለት ጀሪካን ቢጠቀም 12 ይሄዳል። ቤተሰቡ 8 ቢጨምር 20 ሆነ። በሁለት ቀን ተኩል ባዶ ናት። የሰፈራችሁ ፈረቃ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። ሒሳቡን በዚያ ልክ ሥሩ።

ይህን ሒሳብ ሳልሠራ እንግዳ የተቀበልሁበት ጥምቀት አለ። ጥር 11 ሌሊት 9 ሰዓት ነው። አንዲት እናት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጣሳ ይዘው ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ ውሃ የለውም። ተጣጥበው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሊወርዱ ነው። ለዚች ሌሊት ስንት መንገድ አቋርጠው መጥተዋል። ጎረቤት ቀስቅሼ ግማሽ ጀሪካን አመጣሁላቸው። እሳቸው መረቁኝ። እኔ ግን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። አሁን ከጥር 5 ጀምሮ አምስት ጀሪካን ሞልቼ እንግዳ ክፍል በር ላይ አስቀምጣለሁ። ማንም አይነካቸውም።

በሩን ደግሞ እንዲህ ፈትሹት። እንግዳው ሳሎናችሁን ሳያቋርጥ ወደ ክፍሉ መግባት ይችላል? የሚችል ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል። በሳሎን የሚያልፍ ከሆነ ግን ለወር አታከራዩት። ለሦስት ቀን ማንም ይታገሣል። ለሁለት ዓመት ግን ምሳ በበላችሁ ቁጥር የሚያልፍ ሰው እናንተንም እሱንም ያሳቅቃል። ሰርቪስ ቤት ያላችሁ ሰዎች የወር ተከራይ ብታስገቡ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ ሳታፍሩ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው። አምፖሉ ይሥራ።

3. ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

«ለአዳር የሚከፈለው ይበልጣል» የሚባለው እውነት የሚሆነው ክፍሉ ሲሞላ ብቻ ነው። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ውሰዱት። እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሩት።

ክፍሏ ለወር 5,000 ብር ታወጣለች እንበል። ከዚያ ላይ ለጥቃቅን ጥገናና ለጋራ መብራት 400 ብር ይውጣ። የተጣራው 4,600 ነው። ለአዳር ብታደርጓት 600 ብር ትጠይቃላችሁ እንበል። ለአንሶላ ማጠቢያ፣ ለሳሙና፣ ለውሃ፣ ለቁርስና ለቡና 200 ብር ቢወጣ 400 ይቀራል። እንግዲህ 4,600ን ለ400 አካፍሉት። 11 ተኩል ይመጣል። በየወሩ 12 ሌሊት ካልተያዘች የወሩ ኪራይ ይበልጣል ማለት ነው። 11 ተኩሉን በ12 ወር ብታባዙት በዓመት 138 ሌሊት መሆኑ ነው።

ጥር ላይ 12 ሌሊት ቀላል ነው። የምረቃ ሰሞንም ወላጅ ይመጣል። ገና አለ፣ መስቀል አለ፣ የሠርግ ወር አለ። ሐምሌና ነሐሴን ግን በሐቀኝነት ቁጠሯቸው። መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ጉዞ የሚተውበት ጊዜም ይመጣል። ባለፉት ዓመታት አይተነዋል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚህች ክፍል የተንጠለጠለ ከሆነ ለወር አከራዩ። ሌላ ገቢ ኖሯችሁ ይህ ተጨማሪ ከሆነ ለአዳር ሞክሩ።

የራሳችሁን ጉልበት ደግሞ አትርሱት። አንሶላ ማን ነው የሚያጥበው? ሌሊት 6 ሰዓት በር ማን ነው የሚከፍተው? መልሱ ሁልጊዜ «እናቴ» ወይም «ልጅቷ» ከሆነ እነሱን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ። ድርሻም ስጧቸው።

4. ወረቀቱን ጨርሱ

ለአዳር በተከታታይ ማስከፈል ንግድ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ባህልና ቱሪዝም ሂዱና በመኖሪያ ቤት እንግዳ ለማሳደር ምን ፈቃድ እንደሚጠይቁ ስሙ። ከኪራይ የሚገኝ ገቢም ግብር አለበት። ገቢዎች ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ደረሰኝና ሒሳብ በደብተር ያዙ።

ለወር ሲሆን ዋናው ነገር ውሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ባሉ ከተሞች የሚሠራበትን ሁኔታ ክልሎች ስለሚወስኑ ቀበሌ ጠይቃችሁ ተዋዋሉ። ለማንኛውም ለወር ስታከራዩ የሁለት ዓመት ጎረቤት እንደምትመርጡ አስቡ። በቀላሉ «ልቀቅልኝ» የሚባልበት ዘመን እያለፈ ነው። ያልፍ ዘንድም ይገባል፤ ተከራይም ልጅ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው።

የአዳርም ሆነ የወር እንግዳ ሲገባ የቀበሌ መታወቂያውን፣ ፋይዳውን ወይም ፓስፖርቱን አይታችሁ ስሙን መዝግቡ። ለቀበሌም አሳውቁ። እንግዳው ቅር ይለው ይሆን ብላችሁ አትለፉት። «ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የምቀበል» ካላችሁት ይገባዋል።

5. ገንዘቡን በር ላይ ተነጋገሩ

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። እኛ ቤት እንግዳ የእግዜር ነው። እግሩን አጥበው፣ አልጋ ለቀው የሚያሳድሩ ሰዎች ልጆች ነን። እንግዳን ብር መጠየቅ አፍ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ኧረ የሚሆነውን» እንላለን። እንግዳውም ይሉኝታ ይይዘዋል። ጧት ሲሄድ በጣም ትንሽ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ወይም ከሚችለው በላይ ሰጥቶ ቅር ብሎት ይሄዳል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው እንግድነቱ ነው።

መፍትሔው ዋጋን ከቸርነት መለየት ነው። እኔ በር ላይ፣ ሻንጣው ሳይወርድ እንዲህ እላለሁ። «አባባ፣ ክፍሉ ለአዳር ይህን ያህል ነው። ውሃና ቁርስ አለበት። ቡናው የኔ ነው።» ይህን ከተናገርሁ በኋላ ቡናውን በሙሉ ልቤ አፈላለሁ። እሳቸውም በሙሉ ልብ ይጠጣሉ።

ጥምቀት ሲደርስ ዋጋ መጨመር ያለ ነው። ግን በስልክ የተናገራችሁትን ዋጋ በር ላይ አትቀይሩ። ለበዓሉ ቀብድ ተቀበሉ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን። በዓሉን ሙሉ የሚፈልግ ሰው ከጥር 9 እስከ 12 ወይም 13 እንደሚቆይ አስቡ። የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ነውና።

ለወር ተከራይ የሚነገረው ይበዛል፣ ሁሉም ውሉ ላይ ይጻፍ። ኪራዩ በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል። መያዣ ካለ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ። ውሃና መብራት እንዴት እንደሚታሰብ። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል ወይስ አይጋገርም። እንግዳ ማሳደር ይቻላል ወይ። በር ስንት ሰዓት ይዘጋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ዝርዝር፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ። በደላላ ከመጣ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል። ምስክሮች ይፈርሙበት። ለሁለታችሁም አንድ አንድ ቅጂ ይኑር።

6. ክፍሉን አዘጋጁ

ለአዳር ክፍል ሦስት አንሶላ ያስፈልጋል እንጂ ሁለት አይበቃም። አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ደርቆ የታጠፈ። ደመና በሆነ ቀን የታጠበ አንሶላ እስኪደርቅ እንግዳ አይጠብቅም። የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ሁለት ብርድ ልብስ አስቀምጡ። ከቆላ ለመጣ ሰው ሦስተኛ ጨምሩለት።

ትኋንን ተጠንቀቁ። ሰው በወጣ ቁጥር ፍራሹን ገልብጡና ስፌቱን በባትሪ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሌላ እንግዳ አታስገቡ።

ሻማ ወይም ባትሪ፣ ክብሪት፣ ነጠላ ጫማ፣ ባልዲና ጣሳ፣ አንድ ትርፍ ቁልፍ። ይህ ይበቃል። ለወር ተከራይ ባዶ ክፍል ብትሰጡም ግድ የለም። በሩ ግን የራሱ ቁልፍ ይኑረው፣ የመጀመሪያው ተከራይ ሲወጣም ጓንጉሉ ይቀየር።

7. የመጀመሪያዋ ማታ

የአዳር እንግዳ ስለ ቤታችሁ የሚያስታውሰው የገባበትን ሰዓት ነው። ውሃ አቅርቡ፣ ክፍሉን አሳዩ፣ ሽንት ቤቱን አሳዩ፣ በሩ እንዴት እንደሚከፈት በራሱ እጅ አስሞክሩት። ከዚያ ተዉት፣ ይረፍ። ወሬ ነገ ይደርሳል።

ምግብ ካቀረባችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ጾም ነው ወይ? ሥጋ ከሆነ ደግሞ የክርስቲያን ነው የእስላም? በኛ ከተማ ተከባብረን ነው የምንኖር፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። የሙስሊም እንግዳ ሳይጠየቅ ወጥ ቀርቦለት በዝምታ ዳቦ ሲበላ አይቻለሁ። ሽሮ ለሁሉም ይሆናል።

ለውጭ ሀገር ሰው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። «በር ማታ 2 ሰዓት ይዘጋል» ካላችሁት እሱ የሚሰማው በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሳታስቡት በር ላይ ታስቀሩታላችሁ። የሚጠጣው ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን።

8. ከወር ተከራይ ጋር መኖር

ጠብ የሚነሣው በአብዛኛው በመብራት ሒሳብ ነው። በሰው ቁጥር ማካፈል ልክ አይመጣም። አንዱ ምጣድ ይጠቀማል፣ ሌላው ስልክ ብቻ ይሰካል። ለክፍሉ ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በባለሙያ አስገቡ። ወር ሲያልቅ አብራችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ ፎቶ አንሡት። እኔ ካስገባሁ ወዲህ ስለ መብራት ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ክፍሉ የእሱ ነው። ሳታንኳኩ አትግቡ። ትርፍ ቁልፉን ለአደጋ ብቻ ተጠቀሙበት። ተከራይ ሴት ልጅ ከሆነች ማን ሊጠይቃት እንደመጣ መቁጠር የእናንተ ሥራ አይደለም። ውሉ ላይ ስለ እንግዳ የተጻፈው ይበቃል። በሌላ በኩል ቡና ሲፈላ ጥሯት። ስትታመም ሾርባ አድርሱላት። ከኔ ቤት ሁለት ዓመት የኖረች ሐኪም ነበረች፣ ስፔሻላይዜሽን እየተማረች። ማታ ተረኛ ስትሆን እናቴ በሯ ላይ እንጀራ በሞሰብ ታስቀምጥላት ነበር። ይህ ውል ላይ አልተጻፈም።

9. ሁለቱን አትደባልቁ

በዚች ሐኪም ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልናገር። አንድ ታኅሣሥ ላይ «ለጥምቀት ሳምንት ወደ ጓደኛሽ ብትሄጂልኝ፣ ክፍሏን ለእንግዳ እፈልጋታለሁ፣ የወሩን ኪራይ እቀንስልሻለሁ» አልኋት። «እሺ» አለች። ዕቃዋን በሁለት ማዳበሪያ ስታስር አየኋት። መጽሐፎቿን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ምንም ሳትናገር። ክፍሏ የሷ እንዳልሆነች ያን ቀን ነገርኋት ማለት ነው። ማዳበሪያዎቹን ፈትቼ መጽሐፎቹን መለስሁ፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ለእንግዶቹ ሳሎን ፍራሽ ዘረጋሁ።

ለወር የሰጣችሁትን ክፍል ለበዓል አትጠይቁ። ሁለቱንም መሥራት ከፈለጋችሁ ሁለት ክፍል ይኑራችሁ። አንዷ የወር ትሁን፣ ቋሚውን ወጪ ትሸፍን። ሌላዋ የአዳር ትሁን። የወር ተከራያችሁን ከማስገባታችሁ በፊትም «ከጎንሽ እንግዳ ይመጣል ይሄዳል» ብላችሁ ንገሯት። ሌሊት የሚያጠና ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

10. ሲወጡ

የአዳር እንግዳ ሲወጣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ ክፍሉን አብራችሁ እዩ፣ የረሳው ነገር ካለ እዚያው ስጡት። ከሄደ በኋላ የተገኘ ዕቃ በስሙ ታሽጎ ይቀመጥ፣ ይደወልለት።

የወር ተከራይ ሲወጣ የመጀመሪያውን የዕቃ ዝርዝር አውጡና አብራችሁ አንብቡት። የመጨረሻውን የቆጣሪ ቁጥር ጻፉ። የተሰበረ ካለ ዋጋውን ተነጋግራችሁ ቀንሱ። በሁለት ዓመት የደበዘዘ ቀለም ግን በሱ አይታሰብም። መያዣውን በዚያው ቀን፣ መኪናው ዕቃውን ጭኖ ሳይነሣ መልሱለት። ከዚያ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡት።